ሁሉንም ለኮንፊሽየስ አትስጡት

የተማሪ ወረቀት ሳርም ዓመታት አለፉ። ጃፓን በቻይና ሴቶች ትምህርት ላይ ስላሳደረችው ተጽዕኖ ሲጻፍ ያው ስህተት እየዞረ ይመጣል። ዘንድሮ ትዕግሥቴ አለቀ።

ዋናው ጥፋት “መልካም ሚስት፣ አስተዋይ እናት” የሚለው መፈክር ላይ ነው። ወረቀቱ ሁሉ “ይህ ጥንታዊ የኮንፊሽየስ ትምህርት ነው” ብሎ ይጀምራል። አይደለም! ቻይናውያን ጨዋ ሚስትንም ደግ እናትንም ከጥንት ጀምሮ ያወድሱ ነበር፤ ያ ሌላ ነገር ነው። መፈክሩ የተቀመረው ግን በሜጂ ዘመን ጃፓን ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1868 በኋላ ማለት ነው። ሐሳቡም አዲስ ነው። አገር እንዲጠነክር ልጆች ይማሩ፤ የልጅ የመጀመሪያ አስተማሪ እናቱ ናት፤ እንግዲያው እናትየውን አስተምሯት። የድሮዋ ጨዋ ሴት ከግቢ አትወጣም። ይቺኛዋ ደብተር ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ሒሳብ፣ ንጽሕና አጠባበቅ፣ ስፖርት ሳይቀር ትማራለች። ጃፓን በ1895 ቻይናን ድል ስታደርግ ብዙ የቻይና ምሁራን “ምሥጢሩ ትምህርታቸው ነው” አሉ። መፈክሩም ተከትሎ ገባ። በዚያው በቻይና ፊደል ስለሚጻፍ ጥንታዊ ይመስላል። ልብሱ የአያት ነው፣ ሰውየው እንግዳ። እኔም ተማሪ ሳለሁ በዚሁ ተሸውጃለሁ፤ መምህሬ ሙሉውን ገጽ በቀይ ሰርዘው ነው የመለሱልኝ።

ሌላው “ጃፓን አስተማረች፣ ቻይና ተቀበለች” ብሎ መደምደም ነው። ጃፓናዊቷ መምህርት ሺሞዳ ኡታኮ በ1899 ቶኪዮ ውስጥ ጂሰን የተባለ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ከ1901 ጀምሮ ቻይናውያንንም ተቀበለች። በ1905 የሁናን ክፍለ ሀገር ብቻ 20 ሴቶች ልኮላታል። የሺሞዳ ምኞት ሥርዓት ያላቸው፣ ቤታቸውን በወጉ የሚይዙ ሴቶች ማፍራት ነበር። ታዲያ ማን መጣችባት? ቺዩ ጂን! ባሏንና ሁለት ልጆቿን ትታ በ1904 ቶኪዮ የገባች፣ የወንድ ልብስና ሰይፍ የምትወድ። አገሯ ተመልሳ የሴቶች መጽሔት አቋቋመች፤ በ1907 አመፅ ስታሴር ተይዛ ሻውሺንግ ላይ አንገቷ ተቀላ። ያኔ ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ መንግሥት የመጀመሪያውን የሴቶች ትምህርት ቤት ደንብ ያወጣውም በዚያው ዓመት ነው። የደንቡ ዓላማ ያው ሚስትና እናት ማነጽ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ የፈረንጅ ናቸው። አንዱ ተማሪዬ 1907ን በእኛ አቆጣጠር ወስዶ ቺዩ ጂንን የቺንግ መንግሥት ከወደቀ ከሦስት ዓመት በኋላ በቺንግ መንግሥት አስገደላት። ስቄ ሳበቃ ነጥቡን ቀነስኩ።

ጃፓንን ፈር ቀዳጅም አታድርጓት። አንዲት እንግሊዛዊት ሚሲዮናዊት በ1844 ኒንግቦ ከተማ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፍታ ነበር፤ ቻይናውያን ራሳቸውም በ1898 ሻንጋይ ላይ ከፍተዋል።

የመጨረሻው፣ ጃፓናውያን መምህራንን ወይ መልአክ ወይ ሰላይ አድርጎ መሳል። ካዋሃራ ሚሳኮ በ1902 ሻንጋይ ውስጥ ዉበን በሚባል የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማረች። ቀጥላ ወደ ሞንጎሎቹ አገር፣ ወደ ካራቺን ሄደች፤ እዚያም በሩሲያና በጃፓን ጦርነት ዋዜማ ለአገሯ ጦር መረጃ ታቀብል ነበር። ሰላይ ናት፣ እውነት ነው። ግን ጠዋት ጠዋት ክፍል ገብታ ታስተምርም ነበር። በ1906 ወደ አገሯ ስትመለስ ሦስት ተማሪዎቿን ይዛ ሄደች። የገቡትም እዚያው ሺሞዳ ትምህርት ቤት ነው።