ዘፈንዎ ያለፈቃድ ሲወጣ፦ ክስ ከመመሥረት በፊት የሚያዝ ማስረጃ

በኮዬ ፈጬም ሆነ በአያት ኮንዶሚኒየም አንዷን ክፍል ስቱዲዮ አድርገው የሚሠሩ አቀናባሪዎች ሥራ የሚቀበሉት በስልክ፣ ክፍያ የሚቀበሉት በቴሌብር ነው። ወረቀት ግን የለም። ችሎት ላይ የሚጎዳቸውም ይኸው ነው።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ የሆነና (ከሌላ ያልተገለበጠ) ግዙፍነት ያገኘ (የተቀዳ ወይም የተጻፈ) ሥራ ነው። ምዝገባ ግዴታ አይደለም፤ ሐሳብ ብቻውን ግን አይጠበቅም። ያንጎራጎሩትን ዜማ በስልክም ቢሆን ይቅዱት።

መብት ማስተላለፍም ሆነ ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ መሆን አለበት። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው፦ ሕግ በጽሑፍ እንዲሆን ያዘዘው ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727 መሠረት በሁለት ምስክሮች ካልተረጋገጠ አይጸናም። የሁለቱ ተዋዋዮች ፊርማ ብቻ አይበቃም። ውሉ ላይ «ዘፈኑን ሸጫለሁ» ብሎ ማለፍም ጠብ መዝራት ነው። ግጥሙ፣ ዜማው፣ ቅንብሩ የየማን እንደሆነ፣ ለዩቲዩብ ነው ለማስታወቂያ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ ለየብቻ ይጻፍ።

ዘፈኑ ወጥቶ ካገኙት የፕሮጀክት ፋይሉን (ዘፈኑን ያቀናበሩበትን የኮምፒውተር ፋይል) ከፍተው «ሴቭ» አይበሉ፤ የተሻሻለበት ቀን ይቀየራል። መጀመሪያ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡት። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ማሲንቆው ለየብቻ የተቀዱበት ትራክ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ያለቀውን ዘፈን ብቻ የወሰደ ሰው ይህን ማቅረብ አይችልም። ከዚያ ገጹን ከነሊንኩ፣ ከነቻናሉ ስም፣ ከተጫነበት ቀንና ከእይታው ብዛት ጋር በቪዲዮ ይቅረጹ። ማስጠንቀቂያ የሚላከው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድመው ከደወሉ ሰውየው ያጠፋዋል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51(19) የቅጂ መብት ጥበቃ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ክሱ የሚቀርበው ለፌዴራል ፍርድ ቤት እንጂ ለከተማው ፍርድ ቤት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 223 የሚጠየቀውን የማስረጃ ዝርዝር ከክሱ ጋር አያይዙ፤ የረሱትን በኋላ ማስገባት ከባድ ነው። የእግድ ጥያቄውንም (ዘፈኑ ለጊዜው እንዳይሰራጭ እንዲታዘዝ) አብረው ያቅርቡ፤ ዘፈን ገንዘብ የሚያመጣው ትኩስ እያለ ነው።

ለሞራል ጉዳት የሚወሰነው ካሳ ከ100,000 ብር አያንስም። የቀረብዎትን ገቢ ግን በሰነድ ማስላት የእርስዎ ሥራ ነው። ፍርድ ቤቱ የእርስዎን ሥራና ያለፈቃድ የወጣውን ዘፈን የሚያነጻጽር ባለሙያ ሊመድብ ስለሚችል፣ የሚመሳሰሉባቸውን ቦታዎች በደቂቃና በሰከንድ ጽፈው ይዘው ይቅረቡ።