የካፌ ደንበኛ ካርድ ስንይዝ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ካፌ ገብቼ ቡና ካዘዝኩ በኋላ ቦርሳዬን ብፈትሽ ገንዘብ ሞልቼ ቡና የምገዛበት የካፌው ካርዴ የለም። 30 ዶላር ከሞላሁበት ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ የአገሬ ልጅ ናትና «እህቴ፣ በስምሽ አስመዝግበሽዋል?» አለችኝ። አላስመዘገብኩትም። በዚያ ገንዘብ ካርዱን ያገኘው ሰው ቡናውን ጠጥቶበታል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ያልተመዘገበ ካርድ ጥሬ ገንዘብ ማለት ነው፤ ከወደቀ ወደቀ። በስምዎ ከተመዘገበ ግን መጥፋቱን እንዳሳወቁ ቀሪው ሒሳብ ታግዶ ወደ ሌላ ካርድ ሊዛወርልዎ ይችላል። ምዝገባው ከሁለት ደቂቃ አያልፍም።

ሁለተኛውና ዋናው ስህተት የሞሉትን ገንዘብና በገዙ ቁጥር ካፌው የሚሰጥዎትን፣ ሲጠራቀም ነጻ ቡና የሚያስገኘውን ነጥብ አንድ አድርጎ ማየት ነው። የሞሉት ገንዘብ የእርስዎ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት የስጦታ ካርድ ላይ የተሞላ ገንዘብ ቢያንስ ለ5 ዓመት አይቃጠልም፤ የአሜሪካው የካፌ ኩባንያ ስታርባክስ ደግሞ ጭራሽ የጊዜ ገደብ አያደርግበትም። ነጥቡ ግን የካፌው ነው፤ ዋጋውን የሚወስነውም የሚለውጠውም እርሱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በየካቲት 2023 ስታርባክስ አሜሪካ ውስጥ በ50 ኮከብ (ነጥቡን የሚጠራው እንዲህ ነው) ይሰጥ የነበረውን ተራ ቡና ወደ 100 ከፍ አደረገው። 50 ኮከብ አጠራቅሞ «ለበዓል እጠጣበታለሁ» ያለ ሰው በአንድ ሌሊት ግማሽ ሲኒ ቀረው። ስለዚህ ነጥብ እንደ ዕቁብ አይጠራቀምም፤ እንደደረሰ ይጠጣል።

ገንዘቡስ ቢሆን? አይቃጠልም ማለት አይረሳም ማለት አይደለም። ይኸው ኩባንያ ደንበኞች ሞልተው ይጠቀሙበታል ተብሎ ከማይጠበቀው ሒሳብ በ2023 የበጀት ዓመት ብቻ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አድርጎ መዝግቧል። የእኔና የእርስዎ ሽርፍራፊ ሳንቲም ነው እንዲህ የሚያብጠው። ለሳምንት የሚበቃዎትን ብቻ ይሙሉ።

መንገድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ምልክቱን አይቶ መተማመን ብዙዎችን ያሳስታል። አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሆቴል ወይም ትልቅ ሱቅ ውስጥ ያለው ካፌ ሰሌዳው የሰፈርዎን ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚያስተዳድረው ፈቃድ የተሰጠው ሌላ ድርጅት ነው። በዚያ ካርዱን ተቀብለው ነጻውን ቡና የማይሰጡ አሉ። ከማዘዝዎ በፊት «ነጥብ ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከኋላዎ የተሰለፈውን ቸኳይ መንገደኛም ከጭቅጭቅ ያድናል።

ድንበር ሲሻገሩ ነገሩ ይብሳል። አሜሪካ ውስጥ የተሞላ የስታርባክስ ካርድ ካናዳ ይሠራል። ዱባይና ኩዌት ያሉትን ቅርንጫፎች ግን የሚያስተዳድረው አልሻያ የተባለ የኩዌት ድርጅት ነው፤ በሰፈር ያጠራቀሙት ኮከብ እዚያ ቡና አይገዛም። እስራኤል ዘመድ ሊጠይቁ ከሆነም ካርዱን ቤት ይተዉት፤ ስታርባክስ በ2001 ገብቶ በ2003 ለቆ ወጥቷል። አዲስ አበባ ደግሞ ከነጭራሹ የለም። (እናቴ ቤት ነጥብ የሚቆጥር የለም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠየቅ ይቀዳል።)

ካርዱ በስልክ መተግበሪያ ውስጥ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ራሱን በራሱ እንዲሞላ ካዘዙት፣ ለወራት አገር ቤት ሲሄዱ ያጥፉት፤ ስልክዎን ለልጅ ትተው ከሆነ ደግሞ የግድ ነው። መተግበሪያው የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው ወደ አሜሪካው ስልክዎ ከሆነም፣ ያ መስመር ቦሌ ሲደርሱ ሊዘጋ ይችላልና ከመሳፈርዎ በፊት ገብተው ይሞክሩት።

ለካርዱ ሲባል መጠጣትም ስህተት ነው፤ በዚህ እኔም አልታማም። በ2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ላይ፣ በየቡናው አንድ ማኅተም እየተመታ ሲሞላ ነጻ ቡና ከሚያስገኝ ካርድ፣ አሥር ማኅተም የሚፈልግ ባዶ ካርድ ከተሰጣቸው ይልቅ አሥራ ሁለት የሚፈልግና ሁለቱ ቀድሞ የተመቱለት ካርድ የደረሳቸው የካፌ ደንበኞች ቶሎ ሞልተውታል። የሚቀረው ለሁለቱም እኩል አሥር ነበር! «አንድ ብቻ ቀረኝ» ብለው ከመንገድዎ ሲወጡ ይህን ያስታውሱ።

ጠቅልለው አገር የሚገቡ ከሆነ ካርዱ ላይ የቀረችውን ሁለትና ሦስት ዶላር አይተዉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ትንሽ ቀሪ ሒሳብ በጥሬ ገንዘብ እንዲመለስልዎ ሕጉ ይፈቅዳል። በሌላው ቦታ መጀመሪያ ካርዱን አስነብበው ባዶ ያድርጉት፤ የጎደለውን በባንክ ካርድ ይክፈሉ።