እንቅርት ያለ ጠባሳ ይወጣል ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች

ሜክሲኮ አካባቢ በምሠራበት ክሊኒክ አንድ ጥያቄ ሰልችቶኛል፦ «ዶክተር፣ በአፍ በኩል ይወጣልኛል አይደል?» ገና አልትራሳውንድ አልታየም፣ የሆርሞን ምርመራም የለም። ቲክቶክ ግን ታይቷል።

ዘዴውማ አለ። ከታችኛው ከንፈር በስተውስጥ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ። አንገት ላይ ጠባሳ አይቀርም። በብብት በኩልም ይሠራል። ግን ቀዳዳው ትንሽ ነው ማለት ኦፕራሲዮኑ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ከአገጭ እስከ አንገት ያለው ቆዳ ከሥሩ ተላቆ ነው መንገድ የሚከፈተው፤ ብዙ ጊዜ ከተለመደው የበለጠ ሰዓት ይወስዳል። የድምፅ ነርቭና ካልሲየም የሚቆጣጠሩት ዕጢዎችም እዚያው ናቸው። በየትም ተገባ በየት እነሱን የመጉዳት ስጋት አለ።

ወደ ደረት እስኪወርድ ያቆያችሁትን እንቅርት ደግሞ «በአፍ አውጡልን» አትበሉ።

አሁን ወደሚያበሽቀኝ ልምጣ፦ ፒቲዩ (የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ሲበዛ የሚያወርደውን መድኃኒት) ማቋረጥ። አንዲት ወጣት ቀን ተቆርጦላት መጣች። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ልቧ ይደልቃል። «መድኃኒቱስ?» ስላት፣ «እብጠቱን ስላልቀነሰው ተውኩት፤ ለማንኛውም ሊወጣ አይደል?» አለችኝ። ኧረ በሕግ! ፒቲዩ የታዘዘላት የበዛውን ሆርሞን እንዲያወርድ እንጂ እብጠቱን እንዲያጠፋ አይደለም። ሆርሞኑ ሳይረጋ ቀዶ ሕክምና ውስጥ ከተገባ ትኩሳት፣ የልብ ምት መዛባት፣ ራስን መሳት፣ ሞትም ሊመጣ ይችላል። ካሜራ ከዚህ አያድንም። ቀጠሮዋ ተሰረዘ፤ አኩርፋ ሄደች። ደግነቱ እናቷ እየጎተቱ መልሰው አመጧት። ሆርሞኗ ከተስተካከለ በኋላ በሰላም ተሠራላት።

የመርፌ ናሙናን «ካንሰር ይበትናል» ብሎ መሸሽም አለ። ይህ እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ የማይታይ ነገር ነው። ናሙናው ከሌለ ግን ግማሹ ይውጣ ሙሉው ለመወሰን እንቸገራለን።

በአፍ በኩል ለተሠራለት ሰው አገጭ መደንዘዙ የሚጠበቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እያደር ይለቃል። ከንፈር ዙሪያና የጣት ጫፍ ውርር ካላችሁ ግን ካልሲየም ወርዶ ሊሆን ይችላል። «ብርድ ነው» ብላችሁ ጋቢ አትደርቡ፣ ንገሩን። አንገት ካበጠና ትንፋሽ ካጠረ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣላችሁ፣ የዕጢውን ሆርሞን የሚተካውን ክኒን በማኪያቶ አትዋጡ። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ይወሰድ፤ ከዚያ ቁርስም ቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። የካልሲየም ክኒን ከታዘዘላችሁ ደግሞ በሁለቱ መካከል 4 ሰዓት ይኑር።