ካሜራው ተገዝቷል፤ ፎቶ አንሺ ነኝ የሚባለው መቼ ነው?

በቴሌግራም በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ ስለ ካሜራ ዋጋ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ራሴን ፎቶ አንሺ ብዬ ብጠራ ሰው ይስቅብኛል?» የሚለው ነው። የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ «አንቺ» እያልኩ እጽፋለሁ። ወንዶቹ እያስተካከላችሁ አንብቡት። እኛ ስንት ዘመን «አንተ» የሚለውን እያስተካከልን አንብበናል።

አጭሩ መልሴ ይሄ ነው። ሰው የማይደገም ቀኑን አደራ ሲሰጥሽ፣ ያንን ቀን በፎቶ አድርገሽ መልሰሽ ማስረከብ ከቻልሽ ፎቶ አንሺ ነሽ። ፀሐይ ቢከር፣ መብራት ቢጠፋ፣ ሙሽራው ሁለት ሰዓት ቢያረፍድ ማስረከብ አለብሽ። አልፎ አልፎ የሚያምር ፎቶ ማንሳት ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው እዚያ ለመድረስ የሚረዳ ነው። የምኖረው በሰርግና በምረቃ ሥራ ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዚያ ናቸው።

ከጉርድ ፎቶ ጀምሪ

እኔ ሥራውን የጀመርኩት ደሴ ውስጥ፣ ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት፣ ጉርድ ፎቶ በማንሳት ነው። ጉርድ ፎቶን ሰው ይንቀዋል። መታወቂያ ላይ የሚለጠፍ ነገር ምን ጥበብ አለው ይባላል። ግን ሰው ፎቶ ቤት ሲገባ ይደርቃል። ትከሻው ይሰቀላል፣ ከንፈሩ ይጨማደዳል፣ አገጩ ወደ ላይ ይወጣል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይህን ሁሉ ማላላት አለብሽ፤ ውጭ ተራ የሚጠብቅ አለ።

ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ካሜራውን ከመንካታቸው በፊት «ከየት ነው የመጣኸው? መንገዱ እንዴት ነው?» ይላሉ። ሰውየው ስለ መንገዱ ማማረር ሲጀምር ፊቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያኔ ያነሱታል። ሙሽራን የማላላው እስከ ዛሬ በዚሁ ዘዴ ነው። ስለ ሰርጉ አልጠይቃትም፣ ስለ ቁርስ ነው የምጠይቃት። ሙሽራ በዚያ ቀን ቁርስ አትበላም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚወራ ነገር አለ።

ፎቶ ቤት መቀጠር ባትችይ ቤትሽን ፎቶ ቤት አድርጊው። አንድ መስኮት ያለው ክፍልና አንድ ወንበር ይበቃል። እህትሽን፣ ጎረቤትሽን፣ የቤት አከራይሽን እትዬን ተራ በተራ አስቀምጪ። ፍላሽ አታብሪ። መጀመሪያ ወንበሩን ከመስኮቱ ጎን አድርጊ። ከዚያ ወደ ውስጥ ሳቢው። ፊቱ ላይ ያለው ጥላ እንዴት እንደሚለዋወጥ እዪ። ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ነጭ አንሶላ ስቀዪና የጨለመው ጉንጭ ሲፈካ ተመልከቺ። ይህ ዓይንሽ ውስጥ ሲገባ ማንኛውም ክፍል ስትገቢ መጀመሪያ የምትፈልጊው መስኮቱን ይሆናል።

ሌንስ ከጠየቅሽኝ 50 ሚሊ ሜትር፣ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳው (አፐርቸሩ) 1.8 የሆነውን ግዢ። ርካሽ ነው፣ ጨለማም ይችላል። ከካሜራው ጋር በሚመጣው ሌንስ 18 ሚሊ ሜትር ላይ ሆነሽ ፊት ከተጠጋሽ አፍንጫ ያብጣል፤ እናቶች ደግሞ ይህን አይረሱልሽም።

ነጭ ልብስ፣ ጠይም ፊት

የኛ አገር ሰርግ ካሜራን ግራ ያጋባል። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። እናቶች በሙሉ ሀበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው ሲደረደሩ «ይሄ በጣም በራ» ብሎ ያጨልመዋል። ነጩ ይቆሽሻል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ከዚያ «ምነው አጠቆርሽኝ» ይመጣል፤ አንሺውም በኤዲት ቆዳውን ያነጣዋል፤ ጠይሟ ሙሽራ ዱቄት የተነሰነሰባት መስላ አልበም ውስጥ ትገባለች። ይህን ስህተት ከሰርግ አልበሞች ግማሹ ላይ አየዋለሁ፤ ያናድደኛል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ነጭ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው የብርሃን ማስተካከያውን ወደ መደመር አንድ አድርጊ። አንድ አንሺና ስክሪኑ ላይ አጉልተሽ እዪ። የሸማው ክርና ጥለቱ መታየት አለባቸው። ነጩ ባዶ ወረቀት ከሆነ ትንሽ ቀንሺ። ወንዶቹ በጥቁር ሱፍ ጥቁር መጋረጃ ፊት ሲቆሙ ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ካሜራው ያለ ቅጥ ያበራዋል፣ ስለዚህ ቀንሺ። በሮው (RAW፣ ካሜራው ያየውን ሳያቀናብር በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) አንሺ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሐምራዊና አረንጓዴ መብራት ፊት ላይ ሲያርፍ ለማስተካከል የሚያተርፍልሽ እሱ ነው። ጠይም ሰው ጠይም ሆኖ ይውጣ።

ፀሐይዋን እወቂያት

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ሳምንት አካባቢማ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ወቅት እዚሁ ላይ ይገጥማል። በዚህ ሰዓት ሰውን ሜዳ ላይ ካቆምሽው ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ይጠፋል። የፎቶ ፕሮግራሙ ግን ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰዓት ነው፤ እንጦጦም ይሁን ብሔረ ጽጌ መናፈሻ ሰርገኛ ተደርድሮ ይጠብቅሻል።

ለቤተሰቡ አስቀድመሽ «ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን» በያቸው። አይሰሙሽም፤ ቢሆንም በያቸው። ካልሆነ ወፍራም ጥላ ፈልጊ። የሕንፃ ጥግ፣ በረንዳ፣ ቅጠሉ የተጠጋጋ ዛፍ ይሆናል። ቅጠሉ ሳሳ ካለ ብርሃኑ ፊት ላይ ነጠብጣብ ይሠራል፤ እዚያ አታቁሚያቸው። ጥላ ካጣሽ ጀርባቸውን ለፀሐይ ይስጡ፤ ለፊታቸው ብርሃን ጨምሪ ወይም ነጭ ነገር ይዞ የሚቆም ሚዜ ፈልጊ።

ድንኳን ሌላ ጣጣ ነው። የሸራው ቀለም ፊት ላይ ይወርዳል። ሰማያዊ ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ የታመመ ይመስላል። ዋና ዋና ሰዎችን ወደ ድንኳኑ አፍ አምጫቸው፤ ከውጭ የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው፣ ጀርባቸውም ይጨልምልሻል። ለእስክስታ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት ወደ 1/500 ሰከንድ ከፍ አድርጊ፤ ከዚያ በታች ትከሻው ደብዝዞ ይጠፋል። አንዳንዴ እንዲጠፋ የምፈልግበት ጊዜ አለ፤ ያ ግን በኋላ የሚመጣ ነው።

ቀኑን አስቀድመሽ አጥኚ

ከሰርጉ ሳምንት በፊት ከሁለቱም ቤተሰብ አንድ አንድ ሰው ስልክ ያዢ። ደውለሽ ጠይቂ። አያት አለች ወይ? ታማለች? የትኛው አጎት ከየትኛው ጋር አይነጋገርም? ያለ አባት ያደገ ማነው፣ በአባት ቦታ የሚቆመው ማነው? ቤተሰቡን ሳታውቂ «አባት ይምጡ!» ብለሽ ብትጮኺ ሙሽራዋን ልታስለቅሺ ትችያለሽ።

ጉልበት ሲስሙ ከኋላቸው አትቁሚ፤ ጀርባና ጫማ ነው የምታገኚው። ከጎን ሆነሽ በርከክ በይ። የሚስሙትንና የወላጅን ፊት ባንድ ላይ ያዢ። ዋናው ነገር እናትየዋ ፊት ላይ ነው፤ ሙሽሮቹ አጎንብሰዋል።

ቤተ ክርስቲያን ከሆነ አስተዳዳሪውን ወይም ቄሱን ቀድመሽ አነጋግሪ። ፍላሽ ይፈቀዳል? እስከ የት ድረስ መቅረብ ይቻላል? ጫማሽን አውልቀሽ፣ ነጠላ ለብሰሽ ግቢ። በዚያ ቀን ከነጠላዬ የበለጠ በር የከፈተልኝ መታወቂያ የለም። ሴት መሆንሽም እዚህ ሥራ ላይ ይጠቅምሻል። ሙሽራዋ ስትለብስ፣ እህቶቿ ሲያለቅሱባት፣ ክፍሉ ውስጥ አንቺ ነሽ ያለሽው። በሙስሊም ሰርግ የሴቶቹ ፕሮግራም ለብቻ ሲሆን ሴት ፎቶ አንሺ ነው የሚፈልጉት። እዚያ የተነሳ ፎቶ ለማንም እንደማይታይ ከሥራው በፊት ተስማሚ፤ ኤዲት የሚያደርግልሽ ወንድ ካለም አስቀድመሽ ተናገሪ።

ያነሳሽው ሁሉ ያንቺ አይደለም

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ተነሺው ፈቃድ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ሕጉ የወጣው ቲክቶክ ሳይታሰብ ቢሆንም የሰርግ ቪዲዮሽን ለማስታወቂያ ስትለጥፊ አንቺንም ይመለከታል። ፈቃዱን ውሉ ላይ በአንድ መስመር አስገቢው፦ «ፎቶዎቹን በማኅበራዊ ሚዲያ እንድለጥፍ እፈቅዳለሁ፣ አልፈቅድም።» ሙሽራዋ አንዱን መርጣ ትፈርማለች። «አልፈቅድም» ካለች አታኩርፊ።

አንቀጽ 28 ለየት ያሉ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል፤ ተነሺው በሕዝብ የታወቀ ሲሆን ወይም ፎቶው ሕዝብን የሚመለከት ክስተት ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም። የዜና ፎቶ አንሺዎች የሚሠሩት እዚህ ላይ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ሙሉጌታ አየነ ለአሶሺየትድ ፕሬስ ከሥፍራው ያነሳቸው ፎቶዎች በ2020 እ.ኤ.አ. በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር በድንገተኛ ዜና ተከታታይ ፎቶዎች ዘርፍ አንደኛ ወጡ። አንዷ ላይ ሐዘንተኛ ሴት አፈር ወደ ፊቷ ትበትናለች። ያንን ማንሳት ሥራው ነበር። እኔ ጎረቤት ለቅሶ ስሄድ ካሜራዬን ቤት ትቼ ነው የምሄደው።

ስለዚህ ስምሽን ከነዓይነቱ ጥሪው። የሰርግ ፎቶ አንሺ ነሽ? የዜና? የዕቃ? በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ ሰውን ቀለም ቀብታ፣ ልብሱንና ቦታውን አሰናድታ ነው የምታነሳው። እሷን መንገድ ዳር ላለ አደጋ አትጠሪያትም፣ እኔንም ለኤግዚቢሽን አትጠሪኝም። ሁሉንም አነሳለሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ያነሳውን አሳየኝ እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው የራሱን ካሜራ ነው።

ገንዘብና ስም

ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሥራዎች ለሚስማማ ሰው በነፃ ብታነሺ ችግር የለውም፤ በነፃ መሆኑን አንቺ ወስኚ እንጂ እነሱ አይወስኑልሽ። «አንቺኮ እህታችን ነሽ» የሚል ዘመድ ምግብ አዘጋጁን እንዲህ አይለውም። ከዚያ በኋላ ቀብድ ሳትቀበዪ ቀን አትያዢ። ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ስንት ሰዓት እንደምትሠሪ፣ ስንት ፎቶ እንደምታስረክቢ፣ መቼ፣ አልበሙ ስንት ገጽ እንደሆነ፣ ሰርጉ ቢሰረዝ ቀብዱ ምን እንደሚሆን። ሥራው ሲለመድ ንግድ ፈቃድና ቲን ነምበር አውጪ፤ ድርጅቶች ያለ ደረሰኝ አይከፍሉሽም።

የድሮ ፎቶ ቤቶች ከፎቶው ጀርባ ማህተም ይመቱ ነበር። የአርመኖቹ ፎቶ አንሺዎች የቦያጂያን ቤተሰብ ስም ከምኒልክ ቤተ መንግሥት እስከ ኃይለ ሥላሴ ድረስ ከአባት ወደ ልጆች የተሻገረው በሥራው ላይ ስለቆመ ነው። አንቺም ስምሽን ጻፊበት፣ በትንሹ። የሙሽራዋን ደረት የሚሸፍን ሎጎ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ምን ይባላል። የፎቶግራፍ ሥራ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ፎቶሽን አንድ ድርጅት ሳይጠይቅሽ ለማስታወቂያ ቢጠቀምበት ዝም አትበይ፤ ለዚህም ኦርጅናሉን ፋይል አታጥፊ።

ማስረከብ

ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ፎቶው ጥሩ ነው፣ ግን መንፈቅ ይቆያል፤ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ይደውላሉ። ከ2 ሺህ ፎቶ 2 ሺህውን አትስጪ። ዓይን የጨፈነውን፣ የደበዘዘውን፣ አንድ ዓይነት የሆነውን አውጪ። መምረጥ ያንቺ ሥራ ነው፤ ለሙሽራዋ አትጣይባት። በሳምንቱ ጥቂት ምርጥ ምርጥ ፎቶ ላኪላቸው፤ እሱን እያዩ ሌላውን በትዕግሥት ይጠብቃሉ።

ከሰርግ ማታ ቤት እንደገባሽ፣ እግርሽ ቢዝልም፣ ሜሞሪውን ላፕቶፕና ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ሌላ ሃርድ ዲስክ ካለሽ ሦስተኛ ቅጂ ሠርተሽ እህትሽ ቤት አስቀምጪው። ሌባም እሳትም ሁለቱን ቤት ባንዴ አይጎበኝም። ደንበኛው ተቀብያለሁ ብሎ እስኪፈርም ድረስ ሜሞሪውን አታጽጂ።

የመጀመሪያ ከፋይ ደንበኛሽ የፊታችን እሁድ ከሆነች ሁለተኛ ካሜራ ከጓደኛ ተዋሺ ወይም ተከራዪ፤ አንዱ ሊበላሽ ይችላል። ባትሪዎቹን ቅዳሜ ማታ ለመሙላት አትጠብቂ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ዓርብ ማታ ሰኪያቸው፣ ቅዳሜ ጠዋት ቁጠሪያቸው። ሜሞሪዎቹን ባዶ አድርጊ፣ የካሜራውን ሰዓት አስተካክዪ። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጊ። ቁርስ ብዪ፤ ሙሽራዋ ባትበላም አንቺ ብዪ።