ከረጅም ዕረፍት በኋላ እያዩ ወደ መሣል እንዴት መመለስ ይቻላል

እርሳሱን ካስቀመጠ ዓመታት ያለፉት ሰው እንደገና ወረቀት ፊት ሲቀመጥ «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ይላል። እኔ ግን ከ7 ዓመት በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ እንደገና ስጀምር የተረዳሁት፣ አስቀድሞ የሚሰንፈው ዓይን መሆኑን ነው፤ ዓይን ማየቱን ሲተው እጅ ፊት ለፊት ያለውን ነገር ትቶ አእምሮ የሚያውቀውን ይሥላል።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። አንድ 2ቢ (ለስለስ ያለና ጠቆር አድርጎ የሚጽፍ) እርሳስ፣ መቅረጫና ርካሽ ወረቀት ይበቃል፤ ውድ ደብተር ገጹን እንዳያበላሹ ስለሚያስፈራ ለጊዜው ይቆይ። ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ላጲስ ባይጠቀሙ እመክራለሁ፤ የተሳሳተው መስመር ሳይጠፋ ሲቀር ትክክለኛው ከእሱ ምን ያህል እንደሚርቅ ያሳያልና። በየቀኑ 20 ደቂቃ ይሥሩ።

በመቀጠል ጀበናና ስኒ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀው ይቀመጡ። ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው፣ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው የጀበናውን ሆድ ስፋት በእርሳሱና በአውራ ጣትዎ ይለኩ፤ ከዚያም ያው ልክ በቁመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ይቁጠሩ። ክርንዎ ከታጠፈ ልኩ ይለወጣል። እጀታው ካስቸገረዎ እሱን ይተዉትና በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ይሣሉ፤ ክፍት ቦታ ስም ስለሌለው አእምሮ አስቀድሞ ያዘጋጀለት መልክ የለም፣ ስለዚህ ዓይን የግድ ይመለከተዋል።

ስኒው ከጀበናው ይልቅ ያታልላል። አፉ ክብ መሆኑን ስለምናውቅ ክብ አድርገን እንሥለዋለን፤ ከተቀመጥንበት ሲታይ ግን ሞላላ ነው፣ ወደ ዓይናችን ከፍታ በቀረበ መጠንም እየጠበበ ሄዶ ከዓይናችን ትይዩ ሲሆን አንድ መስመር ብቻ ይሆናል። እኔ ይህን አንድ ሞላላ ብቻ እየደጋገምኩ ሙሉ ሳምንት ቆይቻለሁ፤ አልቆጭበትም።

ጥላውን ለመለየት ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይመልከቱ፤ ዝርዝሩ ጠፍቶ ብርሃኑና ጨለማው ብቻ ይቀራል። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ፣ በመስኮት በሚገባ ብርሃን የሚሠሩ ከሆነ የጥላውን ድንበር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምልክት ያድርጉ፤ በኋላ ጥላው ቢዞርም በምልክትዎ ይጽኑ እንጂ ጥላውን አይከተሉ።

ከቤት ሲወጡ በማይንቀሳቀስ ነገር ይጀምሩ፤ የመንዝ የድንጋይ ካብ፣ በድንጋዮቹ መካከል ያሉት ጥቁር ክፍተቶች ሲሣሉ ድንጋዮቹ ራሳቸው ብቅ ይላሉ። ወደሚንቀሳቀስ ነገር ሲሸጋገሩ በመንዝ የጓሳ ሣር ምድር ላይ ያለው ጭላዳ ዝንጀሮ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ሣር እየነጨ ሲበላ ለረጅም ጊዜ ስለሚቀመጥ ተመሳሳይ አቀማመጥ ይደጋግማል። በአንድ ገጽ 4 ወይም 5 ንድፎች ጀምሩ፤ ሲንቀሳቀስ ያንን ትተው ሌላውን ይያዙ፣ ጀርባውን አጉብጦ እንደገና ሲቀመጥም ወደተዉት መስመር ይመለሱ።