«ቦርድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሳይሳሳቱ እንዴት መተርጎም እንደሚቻል

«ቦርድ» ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ቃል አይደለም። ምርጫ ቦርድ አለ፣ የሥራ አመራር ቦርድ አለ፣ የኮምፒውተር ማዘርቦርድ አለ፣ ቆስሎ ቦርድ የወጣ ወታደርም አለ። የሚያዘናጋንም ይኸው መተዋወቅ ነው። ቃሉን የምናውቀው ስለሚመስለን በውል ወይም በደብዳቤ ላይ ስናገኘው ቆም ብለን አናየውም፤ ስለዚህ የመኝታና የምግብ ወጪ «ክፍልና ሰሌዳ» ተብሎ ይተረጎማል፣ ሠራተኛውም የቀለቡ ነገር ተጽፎ ሳለ ሳያውቀው ይፈርማል። ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል የለመደ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ መዝገበ ቃላት ሳይከፍት ትርጉሙን ይለየዋል።

መጀመሪያ ሥሩን መያዝ

በጥንቱ እንግሊዝኛ «ቦርድ» ጣውላ ነው፤ ከግንድ ተሰንጥቆ የተስተካከለ ሰፊ እንጨት። የመርከብ ጎንም በዚያው ቃል ይጠራ ነበር። ዛሬ የምናገኛቸው ትርጉሞች ሁሉ ከዚህ የሚነሡ ናቸው። ጣውላው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል መጻፊያና መለጠፊያ ሆነ፤ ሰሌዳ ማለት ነው። እግር ተበጅቶለት ሲቆም የምግብ ጠረጴዛ ሆነ፤ ቀጥሎም በጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ምግብ ራሱ በዚያው ስም ተጠራ። በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው የሚመክሩት ሰዎችም «ቦርድ» ተባሉ። ከመርከቡ ጎን ደግሞ መሳፈር የሚለው ሐሳብ መጣ።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ «ገበታ» በአማርኛ ያደረገው ይህንኑ ነውና። ገበታ በመጀመሪያ ምግብ የሚቀርብበት ሰፊ የእንጨት ዕቃ ነው። ከዚያ «ገበታ ቀረበ» ስንል ምግቡን ማለታችን ሆነ፣ «ከሥራ ገበታው ቀረ» ስንል ሥራውን፣ «የፊደል ገበታ» ስንል ሀ ሁ የተጻፈበትን፣ «የቁልፍ ገበታ» ስንል ደግሞ የኮምፒውተሩን ኪቦርድ። እንግሊዝኛው «ቦርድ» የትኛው መሆኑ ሲጠፋብዎ ገበታን ያስቡ፤ ዕቃው ነው? ምግቡ ነው? ወይስ ዙሪያውን የተቀመጡት ሰዎች? የሚቀረው መርከቡ ብቻ ነው። ረጅም የትርጉም ዝርዝር ከመሸምደድ ይህ ጥያቄ ይሻላል፤ ዝርዝሩ ይረሳል፣ ሥዕሉ ግን አይረሳም።

ከፊቱ ያለችውን ትንሽ ቃል ማየት

ብዙ ሰው ዓይኑን «ቦርድ» ላይ ተክሎ ይቀራል። ትርጉሙን የምትወስነው ግን ብዙ ጊዜ ከፊቱ ያለችው «ኤ» ወይም «ዘ» ናት፤ አለመኖሯም ያው ነገር ይናገራል።

«ኤ» ወይም «ዘ» ካለ፣ ወይም በስተመጨረሻ «ኤስ» ተጨምሮ ብዙ ቁጥር ከሆነ፣ የሚቆጠር ነገር ነው፦ ጣውላ፣ ሰሌዳ ወይም ጉባኤ። ሁለቱም ከሌሉ ግን ቀድመው ምግብን ወይም ጉዞን ይጠርጥሩ። ምግብ ሲሆን «ቦርድ» አይቆጠርም፤ በአማርኛ «ቀለብ» እንደማለት ነው። «ሩም ኤንድ ቦርድ» መኝታና ምግብ ነው፤ በአሜሪካ ኮሌጆች የክፍያ ዝርዝር ላይ ከትምህርት ክፍያው ቀጥሎ ሲታይ የኖረ ሐረግ ነው፣ አሁን አንዳንዶቹ «ምግብና መኖሪያ» በሚለው እየተኩት ቢሆንም። «ቦርድ ኤንድ ሎጂንግ» የሚለውም ያው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሥራ ውል ላይ ይህን ሐረግ ካዩ፣ ዐረፍተ ነገሩ ምግብና ማደሪያውን የሚችለው አሠሪው መሆኑን ይናገራል ወይስ ከደመወዝ ይቀነሳል ይላል የሚለውን ሳይለዩ አይፈርሙ። ሐረጉ ምግብና ማደሪያ ከማለት አያልፍም፤ ማን እንደሚከፍል የሚናገሩት በዙሪያው ያሉት ቃላት ናቸው።

በሆቴል «ፉል ቦርድ» ቁርስ፣ ምሳና እራት ያለበት ክፍያ ነው፤ «ሃፍ ቦርድ» ቁርስና አንድ ዋና ማዕድ፣ አብዛኛውን ጊዜ እራት። መጠጥ በዚህ ውስጥ አለ ብሎ መገመት ስሕተት ነው፤ ብዙ ጊዜ ለብቻ ይከፈላል።

«ኦን» ሲኖር

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። «ሺ ኢዝ ኦን ቦርድ» እና «ሺ ኢዝ ኦን ዘ ቦርድ» የሚሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ልዩነታቸው አንዲት «ዘ» ብቻ ናት። የመጀመሪያው «ተሳፍራለች» ማለት ነው፤ በመሥሪያ ቤት ወሬ ከሆነ ደግሞ «ሐሳቡን ተቀብላለች» ወይም «አብራን ናት»። ሁለተኛው «የቦርድ አባል ናት» ይላል። አንዷን በሌላዋ መለወጥ በሐሳቡ የተስማማችን ሴት የድርጅቱ የበላይ አካል አባል ማድረግ ነው።

«ኦን ዘ ቦርድ» ሲሆን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ባለቤቱ ሰው ነው ወይስ ነገር? ሰው ከሆነ የቦርድ አባል ነው። መልስ፣ ስም ዝርዝር ወይም ማስታወቂያ ከሆነ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል ወይም ተለጥፏል ማለት ነው።

ሌሎቹን ሐረጎች እንዳሉ መያዝ ይበቃል። «አክሮስ ዘ ቦርድ» ማለት ለሁሉም ያለ ልዩነት ነው፤ ደብዳቤው «አክሮስ ዘ ቦርድ» የ5 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ካለ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም ያገኛል ማለት እንጂ ለቦርድ አባላቱ ተጨመረ ማለት አይደለም። «ጎ ባይ ዘ ቦርድ» የተጣለ፣ የቀረ ነገር ነው፤ ከመርከብ ጎን አልፎ ባሕር ውስጥ እንደወደቀ። «ጎ ኦቨርቦርድ» ከልክ ማለፍ ነው። «አባቭ ቦርድ» ግልጽና ምንም ያልተደበቀበት፤ ካርታ ተጫዋች እጁን ከጠረጴዛው በላይ ሲያደርግ ማጭበርበር እንደማይችል ሁሉ። «ባክ ቱ ዘ ድሮዊንግ ቦርድ» ደግሞ ዕቅዱ አልሠራምና ከመነሻው እንጀምር ነው።

ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር

«ቦርድ» መጨረሻ ላይ መጥቶ ከፊቱ ካለው ቃል ጋር አንድ ሆኖ ከተጻፈ ሰዎችን አያመለክትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ነገር ነው። ብላክቦርድ፣ ኪቦርድ፣ ማዘርቦርድ፣ ቢልቦርድ፣ ካርድቦርድ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ተለያይቶ ከተጻፈ ግን ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ «ሰርኪት ቦርድ» የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው፣ «ስኩል ቦርድ» ግን ሰዎች ናቸው፤ በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ በነዋሪው የሚመረጡ የትምህርት ቦርድ አባላት። «ቦርድ» በመጀመሪያ ሲመጣ የሚቀጥለውን ቃል ይመልከቱ፤ ስብሰባ፣ አባል ወይም ሊቀመንበር ከተከተለ ጉባኤው ነው፣ «ጌም» ከተከተለ እንደ ዳማና ቼዝ ያለ የሰሌዳ ጨዋታ።

ጥቂቶቹ የድሮ ታሪካቸውን ይዘው ቀርተዋል። ዳሽቦርድ መኪና ሳይኖር በፈረስ ጋሪ ፊት ይቆም የነበረ ጣውላ ነው፤ ፈረሱ በኮቴው የሚረጨውን ጭቃ ይከላከል ነበር። የኩባያና የሳህን ቁም ሳጥን ስሙ ሲጻፍ «ካፕቦርድ» ይመስላል፣ ሲነገር ግን «ከበርድ» ነው፤ «ፒ» ትዋጣለች፣ እንደተጻፈ የሚያነብ ሰው አይሰማለትም። ስታርቦርድ የመርከብ ቀኝ ጎን ነው፤ መቅዘፊያ መሪው ይታሰርበት የነበረው ጎን። ግራው «ላርቦርድ» ይባል ነበር፤ በነፋስ መካከል ሲጮኹት ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ የብሪታንያ ባሕር ኃይል በ1844 በፈረንጅ አቆጣጠር ግራውን «ፖርት» አለው።

ሙያውን መለየት

እንጨት ሻጭ ዘንድ «ቦርድ ፉት» የሚል ካዩ ርዝመት እንዳይመስልዎ፤ የይዘት መለኪያ ነው። አንድ ቦርድ ፉት 1 ጫማ በ1 ጫማ ስፋትና 1 ኢንች ውፍረት ያለው እንጨት ነው፤ 144 ኪዩቢክ ኢንች። ለማስላት ውፍረቱን በኢንች፣ ስፋቱን በኢንች፣ ርዝመቱን በጫማ አባዝተው ለ12 ያካፍሉ። 2 በ6 ኢንች የሆነ ባለ 10 ጫማ እንጨት 120 ሲካፈል ለ12፣ 10 ቦርድ ፉት ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ወደ 424 ቦርድ ፉት ገደማ ነው። በአሜሪካ ገበያ «2 በ6» የተባለው እንጨት ከተላገ በኋላ በእጅ ሲለካ 1.5 በ5.5 ኢንች ነው፤ ስሌቱ ግን በስሙ መጠን ይሄዳል፣ ሻጩ አላታለለም።

ሐኪም ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። በአሜሪካ አንድ ሐኪም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ፈቃድ የሚሰጠው የክፍለ ግዛቱ የሕክምና ቦርድ ነው። «ቦርድ ሰርቲፋይድ» የሚለው ግን ከዚያ የተለየ ነው፤ ሐኪሙ በስፔሻሊቲው ፈተና አልፎ ማረጋገጫ አግኝቷል ማለት ነው፤ ከእነዚህ ማረጋገጫዎች ብዙዎቹን የሚሰጡት በአንድ ማኅበር ሥር ያሉ 24 ቦርዶች ናቸው። ስለዚህ «በቦርድ የተረጋገጠ» ብሎ መተርጎም አይበቃም፤ «በሙያ ዘርፉ የስፔሻሊስት ማረጋገጫ ያለው» ይባል።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቦርዲንግ መሳፈር ነው፤ በቦርዲንግ ፓሱ ላይ የተጻፈው የቦርዲንግ ሰዓት በሩ ለተሳፋሪ የሚከፈትበት እንጂ አውሮፕላኑ የሚነሣበት አይደለም። የመነሻውን ሰዓት ብቻ አይቶ የሚመጣ ሰው በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ቦርዲንግ ስኩል ግን ከመሳፈር ጋር ግንኙነት የለውም፤ ከምግቡ የመጣ ነው፣ አማርኛው አዳሪ ትምህርት ቤት።

አማርኛውን መምረጥና መልሶ መፈተን

ሰዎች ከሆኑ «ቦርድ» ብለው ይተዉት፤ አማርኛ ሆኗል። መጻፊያ ከሆነ ሰሌዳ፣ እንጨት ከሆነ ጣውላ፣ ምግብ ከሆነ ምግብ ወይም ቀለብ ይበሉ፤ ከዚያ የመረጡትን ቃል ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አስገብተው ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። ለምሳሌ «ዘ ቦርድ ዊል ፔይ ፎር ሩም ኤንድ ቦርድ ዋይል ዩ አር ኦን ቦርድ» የሚለው ሦስቱንም ይዟል፦ «መርከቡ ላይ እስካላችሁ ድረስ የመኝታና የምግብ ወጪያችሁን ቦርዱ ይችላል።» ሦስቱንም ቦታ «ቦርድ» ብለን ብንተወው የሚገባው ሰው የለም።

በጆሮ ብቻ ለሚሰማ አስተርጓሚ ደግሞ ፊደሉን ማጣራት ግድ ነው። «ቦርደር» ሲባል ከ«ኦ» በኋላ «ኤ» ከሌለች ድንበር ነው፤ ካለች በሰው ቤት ምግብና መኝታ እየከፈለ የሚኖር ሰው ወይም አዳሪ ተማሪ ነው።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄዱ ትልቁ ጉድጓድ «ቦርድ ወጣሁ» የሚለው ነው። አንድ የቀድሞ ወታደር በስደት ማመልከቻው ላይ ይህን ሲናገር አስተርጓሚው ቃል በቃል ከወሰደው፣ አሜሪካዊው ሰሚ ሰውየው ከአንድ ድርጅት የበላይ ጉባኤ የለቀቀ ባለሥልጣን ይመስለዋል። መባል ያለበት «ሜዲካሊ ዲስቻርጅድ» ነው፤ በሐኪሞች ቦርድ ተመርምሮ በጤና ምክንያት ከሠራዊቱ የተሰናበተ። ሰውየው የቦርድ ወረቀቱን በእጁ ከያዘ ደግሞ የወረቀቱ ስም «የሕክምና ቦርድ ውሳኔ» ተብሎ ሙሉውን ይተርጎም፤ የስንብቱን ምክንያትና የጉዳቱን መጠን የሚናገረው እሱ ነውና።