ደረቅ ቼክና የሊየን መልቀቂያ፦ በካሊፎርኒያ ለሚሠሩ ንዑስ ተቋራጮች ችግርና መፍትሄ

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊየን ማለት ላልተከፈለዎት ሥራ በሠሩበት ንብረት ላይ መያዣ ማስመዝገብ ነው። ክፍያ ሲመጣ መብቱን የሚለቁባቸውን ፎርሞች ሲቪል ኮዱ ራሱ አስቀምጧቸዋል፦ ለከፊል ክፍያ አንቀጽ 8132 እና 8134፣ ለመጨረሻ ክፍያ 8136 እና 8138። ከየጥንዱ የመጀመሪያው ኮንዲሽናል (ክፍያው ሲገባ ብቻ የሚጸና)፣ ሁለተኛው አንኮንዲሽናል (እንደተፈረመ የሚጸና) ነው።

ፈርመው ሰጡ፣ ቼኩ ደረቅ ሆኖ ተመለሰ

ምክንያት፦ «ቼኩ ተዘጋጅቷል፣ ፈርመው ይውሰዱ» ተብለው የፈረሙት 8134 ነው። ፎርሙ «ተከፍሎኛል» ይላል፤ ገንዘቡ ባይገባም መብቱ ሄዷል። አናቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «ካልተከፈለዎት ኮንዲሽናሉን ይጠቀሙ» የሚለው ለዚህ ነው።

መፍትሄ፦ ቼክ ሲቀበሉ 8132ን ይስጡ፤ የሚጸናው ባንኩ ሲከፍል ብቻ ነው። ቼኩን ማን እንደጻፈው፣ ለማን እንደተጻፈና መጠኑን ይሙሉ። 8134ን የሚፈርሙት ቼኩ ክሊር ካደረገ (ባንኩ በትክክል ከከፈለው) በኋላ ነው። ገንዘቡ ስልክዎ ላይ ታየ ማለት ክሊር አደረገ ማለት አይደለም፤ ባንክ ቼኩ ሳይጣራ ገንዘቡን ይለቅና ቆይቶ መልሶ ይወስደዋል።

የኤፕሪል ተከፈለ፣ የሜይ ሊየን ጠፋ

ጥፋቱ «ስሩ ዴት» በሚለው፣ መልቀቂያው እስከ የትኛው ቀን የተሠራውን እንደሚሸፍን በሚገልጸው መስመር ላይ ነው። ለምሳሌ የተከፈለዎት 18,400 ዶላር እስከ ኤፕሪል 30 ለተሠራው ሆኖ ሳለ፣ የዋናው ተቋራጭ ቢሮ ሜይ 20 ብሎ ቢሞላው የ20 ቀን ሥራ አብሮ ይለቀቃል። ኢንቮይስዎ የሚያበቃበትን ቀን ራስዎ ይጻፉ። ቀድሞ ኮንዲሽናል ሰጥተውበት ያልተከፈለ ካለ፣ 8132 ላይ ቀኑንና መጠኑን በኤክሴፕሽን (መልቀቂያው የማይነካቸው) ሥር ያስፍሩ።

በከፊል ክፍያ ፎርሞች ሪቴንሽን (ከየክፍያው ተቀንሶ እስከ መጨረሻ የሚያዝ ገንዘብ) አይነካም። በመጨረሻዎቹ ግን የሚተርፈው መጠኑን የጻፉት፣ ክርክር ያለበት ተጨማሪ ሥራ ብቻ ነው። ስለዚህ ሪቴንሽኑ ቼኩ ውስጥ ካልተካተተ 8136ንም 8138ንም አይፈርሙ።

የራሳቸውን ፎርም አመጡ

ከሕጉ ፎርም በመሠረቱ የተለየ መልቀቂያ ዋጋ የለውም፤ ለባለቤቱም አይጠቅመውም። የሕጉን ሞልተው ይመልሱላቸው።

ኮንዲሽናል ሰጡ፣ ክፍያው ግን አልመጣም

መብትዎ አለ፤ ቀኑ ግን እየሄደ ነው። ሥራ በጀመሩ በ20 ቀን ውስጥ ፕሪሊሚናሪ ኖቲስ (የሊየን መብት እንዳለዎት የሚያሳውቅ ቅድመ ማስታወቂያ) ልከው ከሆነ፣ ጠቅላላው ሥራ ባለቀ በ90 ቀን ውስጥ ሊየኑን ንብረቱ ባለበት ካውንቲ ሪኮርደር (የመዝገብ ቢሮ) ያስመዝግቡ። ባለቤቱ ኖቲስ ኦፍ ኮምፕሊሽን (ሥራው ማለቁን የሚገልጽ ማስታወቂያ) ካስመዘገበ ያለዎት 30 ቀን ብቻ ነው። ከተመዘገበ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ክስ ካልቀረበ ሊየኑ ዋጋ ያጣል።